ቅጠሏ የተበላ ጽጌረዳ

«ይህች ምን አጠፋች?»

ጥያቄውን የሰማሁት ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ባለ አንድ የአበባ እርሻ፣ በማሸጊያው ክፍል ውስጥ፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የጠየቁኝ ከጎኔ ቆመው አበባ የሚለዩ፣ ትልቁም ትንሹም «እትዬ» የሚላቸው ሴት ነበሩ። በእጄ አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ይዣለሁ። ዘንጓ ቀጥ ያለ፣ እምቡጧ ሙሉ፣ ለመፈንዳት ሁለት ሦስት ቀን የቀራት። ከቅጠሎቿ በአንዱ ጠርዝ ላይ ግን የትንሽ ጣት ጥፍር የሚያህል ግማሽ ክብ ጎድሏል። ቅጠሉ የተበላ አበባ አውሮፕላን አይሳፈርም ተብዬ ስለተማርኩ ወደ ውዳቂው ሳጥን ወረወርኳት።

«ቅጠሏ ተበልቷል፣ እትዬ» አልኳቸው።

«ያጠፋውስ የበላት ነው፤ እሷ ምን አጠፋች?» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ተግሣጽ አልነበረም። እሳቸው ራሳቸው በዚያው ቀን ስንቷን ጥለዋል። ደንቡም ምክንያት አለው፤ አንድ ትል አውሮፓ ደርሶ በፍተሻ ቢገኝ ጭነቱ በሙሉ ሊታገድ ይችላል፤ በዚያ ጭነት ላይ ደግሞ የብዙ ቤት እንጀራ ተንጠልጥሏል። ይህን አውቃለሁ፤ ዛሬም የምሠራው በዚያው ደንብ ነው። ጥያቄው ግን አልለቀቀኝም። እጄ ዘንግ እየቆጠረ፣ አፌ ከጓደኞቼ ጋር እያወራ፣ በመሐል ድንገት ይመጣብኛል። ምን እንደሚፈልግብኝ ያወቅኩት ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ከዝዋይ ርቄ፣ አራት መቶ ዓመት ባስቆጠረ ሥዕል ፊት ቆሜ ነው።

መስኮቱ ላይ ያለው ብርጭቆ

ስለ አበባ ጥራት ለመሠልጠን ለሁለት ሳምንት ወደ ኔዘርላንድ ተልኬ ነበር። አልስሜር ያለውን ታላቅ የአበባ ጨረታ አዳራሽ አሳዩን፤ የእኛ ጽጌረዳዎች ከኬንያና ከኢኳዶር ከመጡት ጋር በጋሪ ተደርድረው ሲጎተቱ አየሁ። የጨረታው ሰዓት ዋጋውን ከላይ ወደ ታች ያወርዳል፤ ቀድሞ ያስቆመው ይገዛል። ስለዚህ አዳራሽ ብዙ ተብሏል፤ እኔን የያዘኝ ግን በዕረፍት ቀኔ በባቡር ሄጄ ያየሁት ነው።

ሄግ ውስጥ ሞሪትስሃውስ በሚባለው ሙዚየም አንድ የአበባ ሥዕል ተሰቅሏል። ሠዓሊው አምብሮሲዩስ ቦስኻርት ይባላል፤ የሳለው በ1618 ገደማ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሥዕሉ ትልቅ አይደለም፤ ቁመቱ 64 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ ጣውላ ነው። በቅስት መስኮት ደፍ ላይ የመስተዋት ብርጭቆ ተቀምጧል፤ ከኋላው ሰማያዊ እያለ የሚርቅ አገር ይታያል። በብርጭቆው ውስጥ ቀይና ነጭ የተቀላቀለባቸው ቱሊፖች፣ ጽጌረዳዎችና ሌሎች ብዙ አበቦች እስከ ቅስቱ አናት ድረስ ተቆልለዋል። ደፉ ላይ ከሩቅ ባሕር የመጡ ዛጎሎች አሉ።

ቆሜ ሳይ በልማዴ መለየት ጀመርኩ። ዓይኔን ልከለክለው አልቻልኩም። ይህች ጽጌረዳ ከልክ በላይ ፈንድታለች፤ ትጣል። ይህ ቅጠል ቀዳዳ አለው፤ ይጣል። ያኛውም ተበልቷል፤ ይጣል። ሥዕሉን ለይቼ ስጨርስ ብርጭቆው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። አሁን በዘበኛ የሚጠበቅ ሥራ በእኔ ጠረጴዛ ቢያልፍ ኖሮ አብዛኛው ውዳቂ ሳጥን ውስጥ በገባ ነበር።

የእትዬ ድምፅ የመጣብኝ ያን ጊዜ ነው። ይህች ምን አጠፋች?

ሠዓሊው ቅጠሉን ሙሉ አድርጎ መሳል ይችል ነበር። እንዲያውም ሙሉ ቅጠል ይቀላል፤ አረንጓዴውን ቀብቶ፣ ጅማቱን አውጥቶ ማለፍ ነው። ቀዳዳ ለመሳል ግን ከቀዳዳው ማዶ ያለውን ጥላ፣ የጠርዙን መቀደድ፣ ቅጠሉ በጎደለበት በኩል እንዴት እንደሚኮማተር ማየት ያስፈልጋል። ይህን ያህል ድካም ለጉድለት? የሥነ ጥበብ አዋቂዎች መልስ አላቸው፤ አበባው ይረግፋል፣ ትሉም ይበላዋል፣ የሰው ሕይወትም እንዲሁ ነው የሚል ማሳሰቢያ ነው ይላሉ። ዳዊትም «ሰው ዘመኑ እንደ ሣር ነው፤ እንደ ዱር አበባ እንዲሁ ያብባል» ብሏልና ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እውነትም ሊሆን ይችላል። እኔ ግን እዚያ ቆሜ ስብከት አልተሰማኝም። የተሰማኝ ሌላ ነው፤ ይህ ሰው ያችን ቅጠል አይቷታል። እኔ በቀን በሺህ የሚቆጠሩ ዘንጎች በእጄ እያለፉ አንዲቷንም እንዲህ አላየሁም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ለካ ይህ ነው።

ቢጫ ጽጌረዳን መጠበቅ

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እነዚህ ሠዓሊዎች ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። መጀመሪያ የገረመኝ በብርጭቆው ውስጥ ያሉት አበቦች አብረው ኖረው የማያውቁ መሆናቸው ነው። በእነሱ አገር ቱሊፕ በሚያዝያ አካባቢ ያብባል፤ ጽጌረዳ በሰኔ ነው። በዚያ ዘመን ሁለቱን በአንድ ዕቃ ውስጥ ትኩስ አድርጎ ማስቀመጥ የሚችል ሰው አልነበረም። እቅፉ የተሰበሰበው በወረቀት ላይ ነው። ሠዓሊው እያንዳንዱን አበባ በራሱ ሳምንት፣ ለብቻው፣ አበባውን ራሱን እያየ ይስለዋል፤ ወረቀቱን ያስቀምጣል፤ ከዚያ ከወራት በኋላ ከወረቀቶቹ መርጦ እቅፉን ይሠራል። በቦስኻርት ሥዕሎች ውስጥ ያችው አበባ በሌላ ሥዕል ተመልሳ የምትገኘው ስለዚህ ነው።

ቦስኻርት በ1573 አንትወርፕ ተወለደ፤ ቤተሰቡ ለእምነቱ ሲል ተሰዶ ሚደልበርግ ገባ። ሚደልበርግ በመርከብ ንግድ የከበረች ከተማ ነበረች፤ ሀብታሞቿ ከሩቅ አገር በሚመጡ አበቦች የአትክልት ቦታቸውን ይሞሉ ነበር። በላይደን ዩኒቨርሲቲም ክሉሲዩስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ በ1593 መጥቶ ቱሊፕ ይተክል ጀምሮ ነበር። ብርቅ አበባ ማለት እንግዲህ በአንድ ሰው አጥር ውስጥ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት የሚታይ ነገር ነው። ሠዓሊው ቀኑን ጠብቆ ደጅ ይጠናል።

ከሁሉ ልቤን የነካው የያን ፋን ሃይሱም ነገር ነው። ይህ ሠዓሊ በ1742 ሥዕሉን ለሚጠብቅ ደንበኛ በጻፈው ደብዳቤ፣ ባለፈው ዓመት ቢጫ ጽጌረዳ ማግኘት ስላልቻለ ሥራውን እንዳልጨረሰ ይገልጻል። ያን ጊዜ 60 ዓመቱ ነበር፤ ዕድሜውን ሙሉ አበባ ሲስል የኖረ ሰው ቢጫ ጽጌረዳን ከልቡ አውጥቶ መሳል ያቅተዋል ብዬ አልገምትም። ይችል ነበር። አልፈለገም። ለንደን ባለው ሥዕሉ ላይ 1736 እና 1737 የሚሉ ሁለት ዓመታት ጽፏል፤ አንዱን እቅፍ ለመጨረስ ሁለት የአበባ ወቅት አልፎበታል ማለት ነው። እኔ በምሠራበት ግሪን ሃውስ ጽጌረዳ በየቀኑ ይቆረጣል፤ ክረምት የለ፣ በጋ የለ። አንዲት አበባን ዓመት መጠበቅ ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከርኩ። ስትመጣስ በምን ዓይን ትታይ ይሆን?

የታመመችው ቱሊፕ

በእኛ ቤት የታመመ ተክል ይነቀላል። በ1630ዎቹ ሆላንድ ግን ከሁሉ የተወደደችው ቱሊፕ የታመመችው ነበረች። በነጭ መደብ ላይ እንደ ነበልባል ሽቅብ የሚላሰውን ቀይ መስመር የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ከተክል ወደ ተክል የሚያሸጋግረውም ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ነው። ይህ መታወቅ የጀመረው በ1920ዎቹ መገባደጃ ስለሆነ፣ በዚያ ዘመን የነበሩት አትክልተኞች ቀለሙ ለምን እንደሚለወጥ አያውቁም ነበር። በሽታው አበባውን ሲያስውብ ሽንኩርት መሳይ ሥሩን ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሥሩ ብዙ ልጅ አይሰጥም፤ ብዙ ስለማይሰጥም ዋጋው ይንራል።

የዕፅዋት ሥዕል በዚህ ገበያ ውስጥ ትልቅ ሥራ ነበረው። ግብይቱ የሚጦፈው በአገራቸው የብርድ ወራት፣ ሥሩ አፈር ውስጥ ሳለ ነው፤ ገዢው የሚያየው አበባ የለም። ሻጩ የሚያሳየው በውሃ ቀለም የተሳለ የቱሊፕ መጽሐፍ ነው። ኮስ የተባለ የሐርለም አበባ ነጋዴ በ1637 ያዘጋጀው መጽሐፍ ዛሬም አለ፤ ከብዙዎቹ አበቦች ግርጌ የሥሩ ክብደትና የተሸጠበት ዋጋ ተጽፏል። የሥራዬ ቅጽ ይመስላል፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ ረድፍ ሥዕል ያለው መሆኑ ነው።

የካቲት 5 ቀን 1637 አልክማር በተባለች ከተማ የአንድ መጠጥ ቤት ባለቤት ወላጅ አልባ ልጆች የወረሱት የቱሊፕ ሥር በጨረታ ቀርቦ 90,000 ጊልደር (የዚያ ዘመን የሆላንድ ገንዘብ) ገደማ አወጣ። በዚያው ሰሞን ሐርለም ውስጥ ገዢ ጠፋ፤ ዋጋው ተንኮታኮተ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው የሆነባቸው ጥቂት አልነበሩም። ስለ ኪሳራው የሚወራው ብዙ ነው፤ ስለ ሥዕሎቹ ግን ማንም ብዙ አይልም። ገበያው ከወደቀ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1643፣ የሐርለም ተወላጇ ዩዲት ሌይስተር አሁንም ቱሊፕ በውሃ ቀለም ትስል ነበር።

ከሁሉ የከበረችው ቱሊፕ «ሴምፐር አውጉስቱስ» ትባል ነበር፤ ነጭ ሆና ቀይ ነበልባል ያለባት። ዛሬ በምድር ላይ የለችም። ምን ትመስል እንደነበር የምናውቀው አንድ ሠዓሊ በአንድ የሚያዝያ ጠዋት ፊቷ ተቀምጦ፣ ቀዩ መስመር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ተከትሎ ስለሳላት ነው። ምናልባት ለነጋዴ ተቀጥሮ፣ ለጥቂት ሳንቲም። በሽታዋንም ውበቷንም ሳይለይ እንዳያት አስቀመጣት።

የበላው ማን እንደሆነ

ሥልጠናው ሊያበቃ ሁለት ቀን ሲቀረው በአምስተርዳም አንድ መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ እንደገና የታተመ የማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ሥራ አገኘሁ። ገልጬ ሳልጨርስ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ሜሪያን በ1647 ፍራንክፈርት ተወለደች፤ የእንጀራ አባቷ የአበባ ሠዓሊ ስለነበር ሙያውን ከእሱ ተማረች። በ1691 አምስተርዳም ገባች። በከተማው ባለጸጎች ቤት ከሩቅ አገር የመጡ ነፍሳት ደርቀው ተሰክተው ታያለች፤ ምን እንደሚበሉና ከምን እንደሚፈለፈሉ የሚነግራት ግን አጣች። በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ትንሿን ልጇን ይዛ በደቡብ አሜሪካ ወዳለችው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደ ሱሪናም በመርከብ ሄደች። ሕመም እስኪመልሳት ድረስ ሁለት ዓመት ያህል ቆየች። በ1705 የታተመው መጽሐፏ 60 ሥዕሎች አሉት። ለእነዚህ ሥዕሎች ነፍሳቱን የሳለችው በብራና ላይ ነበር፤ ይህን ሳነብ የእኛ ቁም ጸሐፊዎች ፍቀው ወጥረው የሚጽፉበት ቆዳ ትዝ አለኝ፤ ብራና የነካ እጅ አይቸኩልም።

የእሷ ሥራ ከቦስኻርት የሚለየው በአንድ ነገር ነው። ቦስኻርት ቀዳዳውን ሳለ፤ ሜሪያን ቀዳዳውን ከበላተኛው ጋር ሳለች። በአንድ ገጽ ተክሉ አለ፤ በላዩ እንቁላሉ፣ ትሉ፣ ሙሽሬው፣ ክንፍ አውጥቶ የሚበረው። ቅጠሉ የተበላው በማን እንደሆነ ገጹ ራሱ ይናገራል። በዘይቱን ዛፍ ላይ ጉንዳኖች ቅጠሉን እየቆረጡ ሲሸከሙ የሳለችበት ገጽ አለ፤ በአንድ ሌሊት ዛፉን መጥረጊያ እስኪመስል ድረስ እንደሚያራቁቱት ጽፋለች። «ያጠፋው የበላት ነው» ያሉት እትዬ ይህን ገጽ ቢያዩ ብዬ አሰብኩ።

ሌላም ገጽ አለ፤ እስካሁን ሳስበው ልቤ ይከብዳል። ቀይና ቢጫ አበባ ያላት፣ እሷ የፒኮክ አበባ ብላ የጠራቻት ቁጥቋጦ ናት። ከሥሯ የጻፈችው ስለ ቀለሟ አይደለም። በሆላንዳውያን ጌቶች የሚሰቃዩት የአገሩ ተወላጅ ሴቶች፣ ልጆቻቸው እንደ እነሱ ባሪያ እንዳይሆኑ በዚህች ተክል ፍሬ ፅንስ እንደሚያስወርዱ ጽፋለች። ከጊኒና ከአንጎላ ስለመጡት ጥቁር ባሮች ሥቃይም እዚያው ጽፋ፣ ይህን ራሳቸው እንደነገሯት ትገልጻለች። በዚያ ዘመን በሸንኮራ እርሻ ስለሚገዙ ሴቶች የሚጻፈው የዋጋ ዝርዝር ነበር። የእነሱ ቃል የተረፈው በአበባ ሥዕል ሥር ነው።

ሜሪያንን ከጥፋት ነጻ ላወጣት አልፈልግም። ራሷም በሱሪናም በባሮች ጉልበት ተገልግላለች፤ ጫካውን እየመነጠሩ መንገድ የከፈቱላት እነሱ ናቸው። ስትመለስም አንዲት የአገሩን ተወላጅ ሴት ይዛ ወደ አምስተርዳም መጥታለች፤ የዚያች ሴት ስም በመጽሐፉ ውስጥ የለም። የትሉ ሕይወት ደረጃ በደረጃ ተጽፎ የሴትዮዋ ስም መቅረቱ ያማል። ቢሆንም ጠይቃለች። ተክሉን የሚያውቁት እነማን እንደሆኑ ገብቷት፣ ከእነሱ ሰምታ፣ እንደሰማች ጽፋለች።

መጽሐፉን ዘግቼ ስወጣ የጠየቅኩት ራሴን ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ በቅጼ ላይ «ትል» በሚለው ዓምድ ስንት ጊዜ ምልክት አድርጌያለሁ? ማንንስ ጠይቄ ነው?

ተመልሼ

ዝዋይ እንደተመለስኩ በመጀመሪያው ሳምንት ያችኑ የመሰለች ጽጌረዳ መጣችልኝ። ቅጠሏ ላይ ግማሽ ክብ ጎድሏል። አልጣልኳትም፤ የምሳ ሰዓት እስኪደርስ ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጥኳት። ከዚያ ወደ እትዬ ወሰድኳት።

«እትዬ፣ ይህን የበላው ምን ዓይነት ትል ነው?»

ቅጠሉን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ ዘረጉት፤ ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱ።

«ትል አይደለም፣ ልጄ። ትል ሲበላ እንዲህ አያሳምርም፤ ይቦጫጭቃል፣ ከሥሩም ኩሱን ይጥላል። ይህ በመቀስ የተቆረጠ ነው የሚመስለው። ንብ ናት።»

«ንብ ቅጠል ትበላለች?»

«አትበላውም። ቆርጣ ትወስደዋለች። የማር ንብ አይደለችም፤ ሌላ ናት፤ ብቻዋን የምትዞር። እናቴ ቤት ግድግዳው ላይ ሸምበቆ ተሰክቶ ነበር፤ እዚያ ውስጥ ስታስገባው አይቻለሁ። ልጇን የምትጠቀልልበት ነው።»

ማታ ፈልጌ አነበብኩ። እትዬ እንዳሉት ነው። ቅጠል ቆራጭ የሚባሉ ንቦች አሉ፤ የጽጌረዳን ቅጠል በጣም ይወዳሉ፤ በመንጋጋቸው ክብ ክብ አድርገው ቆርጠው በሸምበቆ ወይም በእንጨት ቀዳዳ ውስጥ እንደ ትንሽ ጽዋ ይሠሩታል፤ በውስጡ የአበባ ዱቄትና ወለላ አኑረው አንድ እንቁላል ይጥሉና በቅጠል ይከድኑታል። ተክሉን እምብዛም አይጎዱትም። እኔ ለሰባት ዓመት ትል ብዬ የጻፍኩት የጎጆ ግድግዳ ነበር።

አለቆቼ ደንቡን እንዲቀይሩ አልጠየቅኩም፤ የተቆረጠ ቅጠል አሁንም ገበያ አይሄድም፤ አሁንም እጥላለሁ። ግን በዚያ ምሳ ሰዓት ከተጣለ ቅጽ ጀርባ ላይ በእርሳስ መሳል ጀመርኩ። ሥዕል ተምሬ አላውቅም። መጀመሪያ ዘንጉን አወረድኩ፤ ከዚያ ቅጠሉን፤ ከዚያ የጎደለውን ግማሽ ክብ በጥንቃቄ። ጠርዙ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። ከሥሩ «ንብ፤ እትዬ እንደነገሩኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቀኑንም ጨመርኩበት።

እትዬ ከትከሻዬ በላይ ሲያዩ ቆይተው ኖሯል።

«ቆንጆ ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ጣታቸውን በወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ግን ስድስት አድርገሻቸዋል።»

«ምኑን?»

«ቅጠሎቹን። በአንዱ እግር ላይ ያሉትን። ጽጌረዳ ስድስት የላትም። ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዱና ጫፉ ላይ አንዱ ብቻውን ይቀራል። ቁጠሪያቸው።»

ጽጌረዳዋን አነሳኋት። ከታች ጀምሬ፣ ጥንድ ጥንዱን በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። አምስት ናቸው። ሌላ ዘንግ ከውዳቂው ሳጥን አወጣሁ፤ ሰባት። ሌላ፤ አምስት።

ላጲሱን ፈለግኩ።